ዓሣ አጥማጁና ከባሕር ማዶ የመጣው ዓሣ፤ የብሪስቶል ወሽመጥ የሳልሞን ንግድ ታሪክ

መግቢያ

አንድ አገር የራሱን አምራች ከውጭ ከሚገባ ርካሽ ዕቃ እንዴት ሊጠብቅ ይችላል የሚለው ጥያቄ በኢኮኖሚ ትምህርት ዘወትር የሚነሣ ነው። ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ብዙውን ጊዜ ሁለት መልስ ይሰማል። አንደኛው ወገን «በውጭው ዕቃ ላይ ቀረጥ ይጣልበት» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መወዳደር ያልቻለ ሥራውን ይተው» ብሎ ይፈርዳል። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ለማሳየት የምንሞክረው ሁለቱም መልሶች ጐደሎ መሆናቸውን ነው። ለዚህም ምስክር አድርገን የምናቀርበው በአላስካ ምዕራባዊ ጠረፍ በብሪስቶል ወሽመጥ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ በማጥመድ የሚኖሩትን ሰዎች ታሪክ ነው።

ይህን ቦታ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ብሪስቶል ወሽመጥ ሶካይ የተባለው ሥጋው ቀይ የሆነ የሳልሞን ዐይነት ከዓለም ሁሉ ይልቅ በብዛት የሚገኝበት ነው። ሁለተኛም፣ በዚያ ያሉት አጥማጆች በ20 ዓመት ውስጥ ከብልጽግና ወደ ችግር ወርደው ኋላም በከፊል የተነሡ ስለ ሆኑ፣ የረዳቸውን ነገርና ያልረዳቸውን ለይቶ ለማየት ያመቻል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ ፓውንድ የምንለውም ሚዛን ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ነው።

ተወዳዳሪ ያልነበረበት ዘመን

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አላስካን ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር የገዙት በ1867 ነው። ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዘመን በወሽመጡ ዙሪያ የሚኖሩት የዩፒክ፣ የዴናይናና የአሉቲክ ሕዝቦች ሳልሞኑን አድርቀውና በጢስ አጥነው ለብርዱ ወራት ስንቅ ያኖሩት ነበር። በ1878 ሳልሞንን በቆርቆሮ የሚያሽጉ የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች በአላስካ ደቡብ ምሥራቅ ተከፈቱ፤ በ1884ም ይኸው ሥራ ወደ ብሪስቶል ወሽመጥ ደረሰ።

በዚያ ዘመን ኀይሉ ሁሉ በፋብሪካዎቹ እጅ ነበረ። ጀልባውም መረቡም በአብዛኛው የእነርሱ ነበር። በሞተር የሚሄድ ጀልባ ተጠቅሞ ማጥመድ በወሽመጡ ውስጥ የተፈቀደው በ1951 ነው፤ እስከዚያ ድረስ አጥማጁ በሸራ ብቻ ከነፋስና ከማዕበል ጋር ይታገል ነበር። በሌሎቹ የአላስካ ጠረፎች ደግሞ ኩባንያዎች በባሕር ዳር በተከሉት ትልልቅ ወጥመድ ዓሣውን በጅምላ ይሰበስቡ ስለ ነበር የአገሩ ሰው እጅግ ይማረር ነበር። አላስካ በ1959 ራሷን የቻለች የፌዴሬሽኑ ክፍል ስትሆን ወጥመዶቹ መከልከላቸው የዚህ ምሬት ውጤት ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓሣው ክፉኛ በመቀነሱ፣ በ1973 የአጥማጆችን ቍጥር የሚወስን ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በንግድ የሚያጠምድ ሁሉ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ሆነ፤ ፈቃዱም የሚሸጥና የሚወረስ ሀብት ሆነ። በወሽመጡ ውስጥ በተንሳፋፊ መረብ የሚያጠምደው ጀልባ ርዝመቱ ከ32 ጫማ እንዳይበልጥ ከዚያ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። ሕጉ ዓሣው እንዲያገግም ከረዱት ነገሮች አንዱ ነበር።

አሁን አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ሶካይ ከባሕር ተነሥቶ ወደተፈለፈለበት ወንዝ የሚመለሰው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ባሉት ጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ዓሣ በአንድነት ይጐርፋል። የዓመቱ ሥራ ሁሉ በእነዚህ ሳምንቶች ያልቃል። አጥማጁም የሚከፈለው በሚዛን ብቻ ነበር፤ ደሙ ፈስሶ በበረዶ ያቈየውም፣ በጀልባው ሆድ ውስጥ ከምሮ እየረገጠ ያመጣውም ዋጋቸው አንድ ነበር። ስለዚህ ብልኅ የሚባለው አጥማጅ ቶሎ ብሎ ብዙ የሚያጠምደው ነበር እንጂ አሳምሮ የሚይዘው አልነበረም። ዓሣው ተቀቅሎ በቆርቆሮ ውስጥ የሚገባ እስከ ሆነ ድረስ ይህ አሠራር ብዙም ጉዳት አላመጣም።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጃፓን ነጋዴዎች ሶካይን በበረዶ አድርቀው መግዛት ጀመሩ። ጃፓኖች ቀዩን ሥጋ እጅግ ስለሚወዱት ዋጋው ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ ሄደ። በ1988 አጥማጁ ለአንድ ፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ ተከፈለው። የአንድ ጀልባ ፈቃድም በዚያን ጊዜ እስከ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ብዙዎች ይህ ዋጋ ለዘለዓለም የሚቈይ መስሏቸው ከባንክ ተበድረው ጀልባ አሠሩ፤ ፈቃድም ገዙ።

የአዲሱ ተወዳዳሪ አነሣሥ

ይህ ሁሉ ደስታ በአላስካ ሲሆን፣ በሌላው የዓለም ክፍል ነገሩን የሚለውጥ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ1970 ኦቬ እና ሲቨርት ግሮንትቬት የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በኖርዌ አገር በሂትራ ደሴት የሳልሞን ጫጩቶችን በባሕር ላይ በተንሳፈፈ የመረብ በረት ውስጥ አግብተው ማርባት ጀመሩ። ሥራው ተሳካላቸው፤ ጐረቤቶቻቸውም ተከተሏቸው። በ1980 ገደማ ከእርባታ የሚገኘው ሳልሞን በዓለም ገበያ ላይ እንደ ምንም የሚቈጠር ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ከባሕር ከሚጠመደው በለጠ። ከኖርዌ ቀጥሎ ስኮትላንድ፣ ካናዳና ይልቁንም ቺሊ በዚህ ሥራ ገቡበት።

የእርባታው ዓሣ ያሸነፈው በርካሽነቱ ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። እኛ ግን ይህ እውነቱን በሙሉ አይገልጥም እንላለን። የአላስካ ዓሣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሲመጣ፣ የእርባታው ዓሣ በየሳምንቱ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል። የምግብ ቤት ባለቤት ዛሬ ያዘዘው በሚመጣውም ወር በዚያው መጠንና በዚያው መልክ እንደሚመጣለት ያውቃል። ቺሊዎች ደግሞ አጥንቱን ለቅመው ያወጡለትን ሥጋ ለአሜሪካ ገበያ በማቅረባቸው፣ ዓሣ ማብሰል የማታውቅ የቤት እመቤት እንኳ ያለ ሥጋት ገዛችው። ለጃፓንም እነዚያው ቺሊዎች ኮሆ የተባለውን ሳልሞንና ትራውት አርብተው በበረዶ እያደረቁ ስለ ላኩ፣ ሶካይ ለብቻው ይዞት የነበረው ገበያ ተከፈለ። እንግዲህ አዲሱ ተወዳዳሪ የመጣው ዋጋ ይዞ ብቻ ሳይሆን ጥራትና የማይቋረጥ አገልግሎት ይዞ ነው።

ውጤቱ ከባድ ሆነ። በ2001 በብሪስቶል ወሽመጥ ለአንድ ፓውንድ ሶካይ የተከፈለው ዋጋ ወደ 40 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ሩብ ሚሊዮን ዶላር ያወጣ የነበረው ፈቃድ በ2002 ወደ 20 ሺህ ዶላር ቀነሰ። በ1997ና በ1998 ደግሞ ዓሣው ራሱ ባልተጠበቀ ሁኔታ ሳይመጣ በመቅረቱ መንግሥት ለአካባቢው የችግር ጊዜ እርዳታ ሰጥቶ ነበር። አጥማጆቹ ዋጋው የወደቀው ገዢዎቹ በምስጢር ስለ ተስማሙብን ነው ብለው በ1995 ክስ አቀረቡ፤ ከሳሾቹም በሺህ የሚቈጠሩ ነበሩ። ነገሩ ለ8 ዓመት ከቈየ በኋላ በ2003 አንኮሬጅ ከተማ የተሰየመው የዳኝነት ሸንጎ ለተከሳሾቹ ፈረደ። ዋጋውን ያወረደው ሤራ ነው የሚለው አቤቱታ ተቀባይነት ባለማግኘቱ፣ አጥማጁ ፊቱን ወደ ገበያው ከማዞር በቀር መንገድ አልቀረለትም።

በቀረጥ የመከላከል ሙከራ

አሁን ወደ መጀመሪያው መልስ፣ ወደ ቀረጡ እንመለስ። በ1991 የአሜሪካ መንግሥት ከኖርዌ በሚመጣው ትኩስ ሳልሞን ላይ በድምሩ 26 በመቶ የሚያህል ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ምክንያቱም ዓሣው ከተገቢው ዋጋ በታች ይሸጣል፤ ከመንግሥትም ድጐማ አለበት የሚል ነበር። ይህን አቤቱታ ያቀረቡት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ሳልሞን የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። የኖርዌ ትኩስ ዓሣ በእውነት ከአሜሪካ ገበያ ወጣ ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቦታውን የያዘው የአገር ውስጥ ዓሣ ሳይሆን የቺሊና የካናዳ ዓሣ ነው። በ1998 በቺሊው ላይም ቀረጥ ቢጣል የሚገባው ዓሣ አልቆመም፤ ያም ቀረጥ በ2003 ተነሣ። አላስካ ራሷ በ1990 በግዛቷ ውስጥ ለንግድ ዓሣ ማርባትን በሕግ ከልክላለች። ይህ ሕግ የወንዞቿን ዓሣ ከበሽታና ከመደባለቅ ለመጠበቅ የጠቀመ ቢሆንም፣ በኖርዌና በቺሊ ባሕር ላይ ሥልጣን ስለሌለው ዋጋውን ሊያነሣ አልቻለም።

የቀረጥን ጥቅምና ድካም አጥርቶ ለማየት፣ ከአላስካ ለጥቂት ጊዜ ወደ ደቡብ ወርደን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያሉትን የሽሪምፕ አጥማጆች መመልከት ይጠቅማል፤ የደረሰባቸው ችግር አንድ ዐይነት ሲሆን የመረጡት መድኀኒት ግን የተለየ ነበርና። ሽሪምፕ በ2001 ቱናን በልጦ አሜሪካኖች ከሁሉ አብልጠው የሚበሉት የባሕር ምግብ ሆነ። ሆኖም ከሚበላው ውስጥ አብዛኛው በእስያና በላቲን አሜሪካ ኩሬዎች የረባ ነው። የሉዊዚያና፣ የቴክሳስና የጐረቤቶቻቸው አጥማጆች ዋጋ ሲወድቅባቸው በ2003 መጨረሻ አቤቱታ አቀረቡ። በ2005 መጀመሪያ በብራዚል፣ በቻይና፣ በኤኳዶር፣ በሕንድ፣ በታይላንድና በቬትናም ሽሪምፕ ላይ ቀረጥ ተጣለ። በዚያን ጊዜ በነበረ ሕግ መሠረት የተሰበሰበው የቀረጥ ገንዘብ አቤቱታውን ለደገፉት አምራቾች ይከፋፈል ስለ ነበር፣ አጥማጆቹ ጥቂት ገንዘብ አገኙ። ይሁን እንጂ የዓለም የንግድ ድርጅት ክፍያውን ከውል ውጭ ነው ብሎ ስለ ፈረደበት ሕጉ በ2006 ተሻረ። ቀረጥ ያልተጣለባት ኢንዶኔዚያም የምትልከውን ሽሪምፕ አበዛች። በ2005 የደረሰው የካትሪና ዐውሎ ነፋስና በ2010 በባሕረ ሰላጤው የፈሰሰው ነዳጅ ዘይት ደግሞ በችግር ላይ ችግር ጨመሩባቸው። በ2024 መጨረሻ መንግሥት በኤኳዶር፣ በሕንድ፣ በኢንዶኔዚያና በቬትናም ሽሪምፕ ላይ እንደገና አዲስ ቀረጥ መጣሉ፣ የ2005ቱ አጥር ብቻውን እንዳልበቃ የሚያስረዳ ነው።

ከዚህ የምንማረው ቀረጥ ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። ከወጪ በታች የሚሸጥ ዕቃ ዝም ቢባል ጠንካራውንም አምራች ሊጥል ይችላል፤ ስለዚህ ቀረጥ ጊዜ ይገዛል። ነገር ግን ቀረጥ አንዱን ሻጭ ከበር ይመልሳል እንጂ ገዢውን ወደ አጥማጁ ጀልባ አያመጣውም። በተገዛው ጊዜ ምን ተሠራበት የሚለው ጥያቄ ከቀረጡ ይበልጣል።

በረዶና ስም

የብሪስቶል ወሽመጥ አጥማጆች መልሱን ያገኙት ከሌላ የአላስካ ወንዝ ነው ለማለት እንደፍራለን። ይህም ኮፐር የተባለው ወንዝ ነው። በ1983 ጆን ራውሊ የተባለ የሲያትል ሰው በዚያ ያሉትን ጥቂት አጥማጆች ዓሣውን ገና በጀልባ ላይ ሳለ ደሙን እንዲያፈስሱና በበረዶ እንዲያቈዩ አግባብቶ፣ ትኩሱን ሳልሞን ለሲያትል ምግብ ቤቶች አቀረበ። ከዚያ በፊት የኮፐር ወንዝ ዓሣ በአብዛኛው በቆርቆሮ ውስጥ የሚገባ ስም የለሽ ዕቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የምግብ ቤቶች ዝርዝር የወንዙን ስም ይጽፍ ጀመር፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዓሣ በአውሮፕላን ሲያትል ሲገባ የከተማው ሰው እንደ በዓል የሚቀበለው ሆነ። ዓሣው ያው ዓሣ ነው፤ የተለወጠው አያያዙና ስሙ ነው።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዓሣ ንግድ የተነገረ ይመስላል። ዓሣ ከውኃ ከወጣ በኋላ ጥራቱ የሚበላሸው በሰዓት እየተቈጠረ ነው፤ ፋብሪካ ከደረሰ በኋላ የሚደረግለት ሁሉ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ ጥራቱን ሊጠብቅ የሚችለው የመጀመሪያው ሰው አጥማጁ ብቻ ነው። ብሪስቶል ወሽመጥ ግን ከኮፐር ወንዝ ይልቅ ሩቅና የዓሣው ብዛት ከልክ ያለፈ በመሆኑ፣ ትምህርቱን ለመቀበል 20 ዓመት ያህል ፈጀበት።

በ2002 የአላስካ ምክር ቤት የሳልሞንን ንግድ ችግር የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ የንግድ ሕግም በውጭ ዕቃ ውድድር ለተጐዱ አምራቾች እስከ 10 ሺህ ዶላር የሚደርስ እርዳታ ፈቀደ፤ ርዳታውን ለማግኘት አጥማጁ ስለ ሥራው ትምህርት መከታተል ነበረበት። በ2004 አጥማጆች በየአካባቢያቸው ማኅበር አቋቁመው በራሳቸው ላይ መዋጮ እንዲጥሉ የሚያስችል ሕግ ወጣ። የብሪስቶል ወሽመጥ አጥማጆች በዚህ ሕግ ተጠቅመው ማኅበራቸውን መሠረቱ፤ በተንሳፋፊ መረብ የሚያጠምዱትም ከሚያገኙት ገቢ ከመቶ አንድ እንዲሰበሰብ በድምፅ ወሰኑ። በዚህ ገንዘብ በረዶ ወደ ጀልባዎች እንዲደርስ ተደረገ፤ የባሕር ውኃን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አጠቃቀምና የዓሣ አያያዝ ትምህርት ተሰጠ፤ የወሽመጡም ስም በገበያ እንዲታወቅ ተደረገ። ፋብሪካዎቹም በበኩላቸው ለቀዘቀዘ ዓሣ በፓውንድ ተጨማሪ ሳንቲሞች መክፈል ጀመሩ። ያን ጊዜ የአጥማጁ ብልኅነት ትርጓሜ ተለወጠ፤ ብዙ የሚያጠምደው ብቻ ሳይሆን አሳምሮ የሚያቀዘቅዘውም አተረፈ።

ይህ ጥረት ብቻውን አልቆመም። በ1981 የተቋቋመው የአላስካ የባሕር ምግብ ማስታወቂያ ድርጅት የአላስካ ሳልሞን የዱር ዓሣ መሆኑን ለገዢው ሲያስተምር ቈይቷል። በ2000 የአላስካ ሳልሞን አጠማመድ ዓሣውን የማያጠፋ መሆኑን የሚመሰክር ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ አገኘ። በ2005 ደግሞ የአሜሪካ መደብሮች የሚሸጡት ዓሣ የየት አገር እንደ ሆነና የተጠመደ ወይም የረባ መሆኑን ጽፈው እንዲያሳዩ የሚያዝ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። እኛ ይህን ደንብ ከቀረጥ ሁሉ የበለጠ አድርገን እንመለከተዋለን፤ ገዢው ለይቶ ማየት ካልቻለ፣ አጥማጁ በበረዶ የደከመበት ሁሉ ለማንም ዓሣ ማሻሻጫ ይሆናልና። ደንቡ ግን ምግብ ቤቶችን አልነካም ነበር። ሉዊዚያና በ2019 ምግብ ቤቶችዋ ከውጭ የመጣ ሽሪምፕ የሚያቀርቡ እንደ ሆነ ይህንኑ እንዲያስታውቁ በሕግ ያዘዘችው ይህን ጐደሎ ለመሙላት ነው።

ከ2010 ወዲህ የሶካይ ዋጋ በብዙ ዓመቶች ከ1 ዶላር በላይ ሆነ። በ2019 መነሻ ዋጋው 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ደረሰ። የፈቃዱም ዋጋ አብሮ ተነሣ።

የዳኑት እነማን ናቸው?

ታሪኩን እዚህ ላይ ብንጨርሰው የተሟላ ድል ይመስላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሁለት ነገር ሳንገልጥ ብናልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆንብናል።

የመጀመሪያው፣ ንግዱ ዳነ ማለት አጥማጁ ሁሉ ዳነ ማለት አለመሆኑ ነው። ፈቃድ የሚሸጥ ሀብት በመሆኑ፣ ችግር የጠናበት ሰው ሸጦት ሄደ። በወሽመጡ ዙሪያ መንደሮች ነዋሪዎች እጅ የሚገኘው የተንሳፋፊ መረብ ፈቃድ ከ1970ዎቹ ጋር ሲመዘን ከግማሽ በታች ወርዷል። ማቀዝቀዣ መሣሪያ ውድ ስለ ሆነ ገንዘብ ያለው ወይም ባንክ የሚያምነው ጀልባውን አሳደሰ፤ የመንደሩ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይህን ማድረግ አልቻለም። ስለዚህ ዋጋው ሲመለስ ፈቃዱ በብዛት ከሌላ ግዛት በሚመጡ ሰዎች እጅ ነበር። በአያቶቹ ወንዝ ዳር ተቀምጦ የሌላ ሰው ጀልባ ሲያልፍ የሚመለከት ሰው «መወዳደር ያልቻለ ይተው» ለሚለው ትምህርት ሕያው መልስ ነው፤ ሥራውን የተወው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ መልካሙ ዘመን እስኪመጣ የሚያቈየው ገንዘብ ስላልነበረው ነው።

ሁለተኛው፣ ስም ራሱ ጠባቂ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። በ2022 ወደ ብሪስቶል ወሽመጥ 79 ሚሊዮን ያህል ሶካይ ተመለሰ፤ ይህም እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነበር። መነሻ ዋጋው በፓውንድ 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነበር። በ2023 ግን ካለፈው ዓመት ያልተሸጠ ዓሣ በማቀዝቀዣ ተከማችቶ ስለ ቈየ፣ የኑሮ ውድነትና የወለድ መጨመርም ስለ ታከለበት፣ ዋጋው ወደ 50 ሳንቲም ወደቀ። አጥማጆች በጀልባቸው ሆነው ናክኔክ ላይ ተቃውሟቸውን አሰሙ። በገበያው ላይ የሩሲያ ሳልሞንም ነበረበት። አሜሪካ በመጋቢት 2022 የሩሲያን የባሕር ምግብ በቀጥታ እንዳይገባ ከልክላ ነበር፤ ነገር ግን የሩሲያ ዓሣ በቻይና ተቈርጦና ታሽጎ ሲመጣ የቻይና ዕቃ እየተባለ ይገባ ነበር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በታኅሣሥ 2023 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ነው። ዓሣው የተያዘበት አገር በእውነት ካልተነገረ፣ ስም ያለውም ስም የሌለውም በአንድ ሚዛን ላይ እንደሚወጡ ከዚህ ይታያል።

መደምደሚያ

በመግቢያችን የጠቀስናቸውን ሁለት መልሶች አሁን መመዘን እንችላለን። «ቀረጥ ይጣል» የሚለው መልስ ጊዜን ይሰጣል፤ የኖርዌው ቀረጥ ለቺሊ፣ የሽሪምፑም ቀረጥ ለኢንዶኔዚያ በር እንደ ከፈተ ግን አይተናል። «ያልቻለ ይተው» የሚለውም መልስ፣ ሥራውን የሚተዉት ሁልጊዜ ደካሞቹ ሳይሆኑ ብዙ ጊዜ ድኾቹ መሆናቸውን ይረሳል።

የብሪስቶል ወሽመጥ ታሪክ የሚያሳየን ሦስተኛ መንገድ ሦስት ክፍል ያለው ነው። አጥማጁ ዓሣውን ከውኃ ባወጣበት ሰዓት እንዲጠብቀው የሚያስችል መሣሪያና ለጥራት የሚከፍል ዋጋ፤ አጥማጆች በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ድምፅ የሚመሩት ማኅበር፤ ገዢው የሚበላውን ለይቶ እንዲያውቅ የሚያደርግ፣ ምግብ ቤትንም ማሸጊያ ፋብሪካንም የማያልፍ የእውነተኛ ስም ሕግ። በእነዚህ ላይ እኛ አራተኛ እንጨምራለን፤ ይኸውም የመንደሩ አጥማጅ በክፉ ዓመት ፈቃዱን ሳይሸጥ እንዲቈይ የሚያደርግ ብድር ነው። ያለዚህ የመጨረሻው፣ መንግሥትና ማኅበር የሚደክሙበት ሁሉ ዓሣውን ያድን ይሆናል፤ አጥማጁን ግን አያድነውም። ዓሣ አጥማጆችን እንረዳ የሚል መንግሥትም ቢሆን ማኅበር፣ ከቀረጡ መጠን አስቀድሞ ፈቃዱ በማን እጅ እንዳለና በማን እጅ እንደሚቀር ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን።